የባህር ዳር ትልቁ ገበያ ለአስቤዛ፦ ከጥራጥሬ ተራ እስከ ከሰል ተራ

የባህር ዳርን ትልቅ ገበያ ለአስቤዛ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በከሰል ተራው ነው፤ ምክንያቱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህ የዋጋ ግምገማ አይደለም። ዋጋማ ዛሬ ብጽፈው ነገ አይገኝም። እኔ ያየሁት ሌላ ሂሳብ ነው፦ በዘንቢል ይዘነው የምንገባው ነገር መሬቱን፣ ጫካውን፣ ሀይቁንና አየሩን ስንት ያስከፍላቸዋል የሚለውን።

ነገሩን የቆሰቆሰው ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ሱፐርማርኬት ነው። ስሙ ይቅር። በሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ሰሌዳ ሰቅሎ «ለአካባቢ ተስማሚ» ይላል። ጥሩ ብዬ ገባሁ። ቲማቲሙ አራት አራት ሆኖ ነጭ የፎም ሳህን ላይ ተደርድሮ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ምስሩ በላስቲክ፣ ሽሮው በላስቲክ፣ ቆሎው ሳይቀር በላስቲክ። ውጭ የባህር ዳር ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ውስጥ ደግሞ ክዳን የሌለው ትልቅ ፍሪጅ መተላለፊያውን ሁሉ ያቀዘቅዛል። ሒሳብ ስከፍል ልጅቷ ዕቃዬን በወረቀት ከረጢት ከታ «እኛ ፌስታል አንጠቀምም» አለችኝ፣ በኩራት። እውነቷን ነው፣ ፌስታል አይሰጡም። ፌስታሉን ዕቃው ለብሶት ነው የሚወጣው።

ከዚያ ነው ገበያውን በዚሁ ዓይን ልየው ያልኩት።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ እምነት ከመንገድ ላንሳ። «ከቅርብ የመጣ ምግብ ለአካባቢ ይሻላል» ሲባል ሰምታችኋል። እውነትነት አለው፣ ግን ትንሽ ነው። የኦክስፎርዱ ጆሴፍ ፑርና ስዊዘርላንድ የሚሠራው ቶማስ ኔሜቼክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በ119 አገሮች ያሉ የ38,700 ያህል እርሻዎችን መረጃ ሰብስበዋል። ከዚያ የወጣው ስሌት ምግብ ከሚያመጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የማጓጓዣው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ያሳያል። ትልቁ ዕዳ ያለው እርሻው ላይ ነው፦ የከብቱ ሆድ፣ ማዳበሪያው፣ ለእርሻና ለግጦሽ ተብሎ የተመነጠረው ደን። በአውሮፕላን የሚመጣ ነገር ብቻ ከዚህ ይለያል። ስለዚህ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከመራዊ የመጣ የበሬ ሥጋ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ በመርከብ ከመጣ ምስር አይሻልም። ለመስማት ደስ አይልም፣ ግን ሂሳቡ እንደዚያ ነው።

ጥራጥሬ ተራ ለዚህ ነው ሙሉ ነጥብ ያገኘው። በዚያው ጥናት፣ 1 ኪሎ የሥጋ ከብት ሥጋ በዓለም አማካይ ሙቀት በማፈን 60 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚስተካከል ጋዝ ያስወጣል። 1 ኪሎ አተር 1 ኪሎ ገደማ ብቻ። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። አተሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ምስሩ ሥሮቻቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጂን ከአየር ይወስዳሉ። ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ እምብዛም አይፈልጉም። ዩሪያ ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በከባድ መኪና እስከ ጎጃም የሚጫን፣ ማሳው ላይ ከተበተነ በኋላም ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ የሚተን ነገር ነው፤ ይህ ጋዝ ሙቀት በማፈን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ260 ጊዜ በላይ ያስከነዳል። ያልተነነውና ሰብሉ ያልወሰደው በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ወንዙ ጣና ይገባል። ጣና ላይ እንቦጩን ያፋፋዋል። እንቦጭ ሀይቁ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በእጁ ነቅሏል፣ ማሽን ተገዝቷል፣ ዘመቻ ተጠርቷል። የሚቀልበው ግን ከማሳ ከአፈር ጋር ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። ያ እስካልቀነሰ ድረስ መንቀል ብቻውን ማለቂያ የለውም።

ከጥራጥሬው ሁሉ ልቤ ያለው ግብጦ ላይ ነው። ከጎጃም ውጭ ያደገ ሰው ብዙም አያውቀው ይሆናል፤ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ነገር ነው። አሲድ የበዛበት፣ ሌላው ሰብል ያኮረፈው መሬት ላይ ይበቅላል። ደጋግሞ ማረስ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ጭራሽ ለሚቀጥለው ሰብል ናይትሮጂን ትቶ ይሄዳል። ችግሩ ምሬቱ ነው። ስለዚህ በእሳት ካበሰሉት በኋላ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፉታል፣ ምሬቱ ታጥቦ እስኪወጣ። ከዚያ ቅርፊቱን በጥርስ ገፈፍ አድርጎ መብላት ነው። በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዷ እጄን ስሰበስብ አይታ «ቅመሽ እንጅ እታለም፣ ምሬቱን አባይ ወስዶታል» አለችኝ። አባይ ይሁን የሰፈራቸው ምንጭ አላጣራሁም፣ ምሬቱ ግን በእርግጥ የለም። ደረቁ ፍሬ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው። ይህን ያህል ፕሮቲን፣ በዚህ ያህል ትንሽ ወጪ፣ ማንም በማይፈልገው መሬት ላይ የሚሰጥ ሌላ ሰብል ጎጃም ውስጥ አላውቅም፤ እኛ ግን የድሃ ምግብ ብለን ንቀነው ከተማ ውስጥ ሰው ፊት ለመብላት እናፍራለን። አረቄም ይወጣበታል። አረቄው በስንት ሸክም እንጨት እንደሚወጣ ግን አትጠይቁኝ።

ሥጋው ላይ ፍርዴን በጥንቃቄ ልስጥ። 60 ኪሎ የሚለው ቁጥር የዓለም አማካይ ነው፣ የጎጃምን በሬ አይቶ የተሰላ አይደለም። የጎጃም በሬ ለሥጋ ብቻ አይኖርም። ዓመታት ያርሳል፣ ያበራያል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገለባ እየበላ ከርሞ ሲያረጅ ይደልብና ለበዓል ይታረዳል። የሚያገሳውን ሚቴን የሚባል ጋዝ በሙሉ ሥጋው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። በሌላ በኩል ግን ገለባ የሚበላ ከብት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሥጋ የሚያወጣው ሚቴን ብዙ ነው፣ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ነው። አርሶ ያረጀውን በሬ ለፋሲካ ቅርጫ ገብቶ መካፈል ላይ ምንም ክፉ አልናገርም። ፍስክ በሆነ ቁጥር ጥብስ ካልበላሁ ምሳ በላሁ አልልም የሚለው የከተማ ልማድ ነው የማይዋጥልኝ።

እዚህ ላይ ጾሙ ዝም ብሎ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ… ሲደመር ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ማንም ለካርቦን ብሎ አልጾመም፣ ለነፍሱ ብሎ ነው። ቢሆንም ውጭ አገር በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ እንተው ብለው ዘመቻ ሲያደርጉ ስሰማ ፈገግ እላለሁ።

«እሺ ሥጋ ከቀነስኩ ዓሳ ልብላ» ለምትሉ፣ ጣና እዚሁ ነው። ጥሩው ዓሳ ግን ገበያ መሃል ሳይሆን ሀይቁ ዳር፣ አስጋሪዎቹ የሚወርዱበት ጠዋት ላይ ነው የሚገኘው። የሀይቅ ዓሳ መኖ አይገዛለት፣ መሬት አይታረስለት፤ በደንገል ታንኳ ከተያዘ ነዳጅም የለበትም። በጋዝ ስሌት ከሥጋ ጋር አይወዳደርም። ግን ዓሳ ላይ ጋዝ ብቻ መቁጠር ያሳስታል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሳ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞቹ ይወጣሉ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። ይህን አስጋሪውም ያውቃል። የወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ያልቃሉ ማለት ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ቁጥራቸው ክፉኛ እንዳሽቆለቆለ መዝግበዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ መጣ። ርካሽ ነው፣ ትንሹንም ትልቁንም ይለቅማል፣ ተቀዶ ሲጣል እንኳን አይበሰብስም፤ ሀይቁ ውስጥ ተንጠልጥሎ ባለቤት ሳይኖረው ማጥመዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ዓሳ ላይ ምክሬ አጭር ነው። በክረምቱ መውጫ ነጭ ዓሳ አትግዙ፣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ውሰዱ። መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶም አትግዙ። ሻጩ «ለሾርባ አንደኛ ነው» ይላችኋል። አትስሙት። አስጋሪው የሚገዛው ካጣ ነው የመረቡን ቀዳዳ የሚያሰፋው።

አትክልት ተራ ጥሩ ነው፣ ግን እንደሚወራለት አይደለም። ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ የተወሰነው መራዊ ካለው ከቆጋ መስኖ ነው የሚመጣው፣ 7,000 ሄክታር ገደማ ከሚያጠጣው። ቅርብ ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ መደብ ላይ ተቆልሎ ይሸጣል እንጂ በፎም ሳህን አይቀርብም። ሻጯን «ለወጥ ነው» ካላችኋት የለሰለሰውን በቅናሽ ትሰጣችኋለች፤ ሱፐርማርኬቱ ያንኑ ቲማቲም ማታ አውጥቶ ይጥለዋል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ሸማቹ ጋ ከሚደርሰው ምግብ 19 በመቶ መሆኑ ነው። ገበያው ውስጥ የተጣለ የጎመን ቅጠል የፍየል ቀለብ ይሆናል። ቤት ውስጥ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽ የምትሸጥ አንዲት እናት ጥግ ላይ አለች፣ ለመንገደኛ ነው የምትሸጠው፣ እኔ ግን ለፍርፍር እወስድላታለሁ።

ድንቹ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የጮቄ ድንች ጣዕሙ ሌላ ነው፣ አልክድም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ብዙ ወንዝ የሚፈልቅበት ተራራ ነው። ሰው ሲበዛና መሬት ሲጠብ እርሻው ወደ ላይ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። እርከን የሌለው ተዳፋት ሲታረስ ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ይዞ አባይ ይገባል፤ ከድንቹ ጋር ተራራውንም እየበላን ነው። ሻጩን ድንቹ እርከን ካለው ማሳ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት እንደ እብድ ነው የሚያያችሁ። ይህን ሸማች ብቻውን አይፈታውም። አውቃችሁ ግዙ ለማለት ያህል ነው።

ሌላውን በፍጥነት ልለፍ። ሩዝ፦ የፎገራ ሩዝ ከሀይቁ ማዶ ነው የሚመጣው፣ ጤፍ ሲወደድ እንጀራ ላይ የሚቀየጠውም እሱ ነው። ውሃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ ሚቴን ስለሚያወጣ ከጥራጥሬው ይብሳል፣ ከሥጋው ግን በብዙ ይሻላል። ዘይት፦ ሱቁ ሁሉ የተሞላበት ከእስያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ላይ ደን አስመንጥሯል። ኑግ እዚሁ ይበቅላል፣ ለማፍራት ንብ ይፈልጋል፣ ንቡም ከአበባው ማር ይሠራል። ፓልም ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ግን ኑግ ከሚሰጠው በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ ወደ ኑግ ቢዞር መሬቱ ከየት ይመጣል ለሚለው መልስ የለኝም። እኔ ያደረግሁት ዘይቱን ማሳነስ ነው። ቅቤ ተራ በኮባ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ቅቤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን ከከብት መሆኑን ኮባው አይለውጠውም። ቡና ከገዛችሁ የዘጌን ጠይቁ። እዚያ ቡናው ጫካው ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፣ ልሳነ ምድሩ በልማድ በበሬ አይታረስም፣ ለዚህም ነው ከጣና ዳር ደኑ የተረፈለት።

አሁን ከሰል ተራ።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ አክብራችሁ፣ ምስርና ግብጦ ብቻ በዘንቢል ይዛችሁ ብትገቡና ምስሩን ከሰል ላይ ጥዳችሁ ቀኑን ሙሉ ብታንተከትኩት፣ ያተረፋችሁት ብዙው እዚያው ይነዳል። ስለ ምግብና አካባቢ ውጭ አገር የሚጻፈው ሁሉ ምን በላችሁ ይላል። በምን አበሰላችሁት የሚለውን አይጠይቅም፣ ምክንያቱም እነሱ ምድጃውን ይለኩሳሉ፣ አለቀ። እኛ ጋ ጥያቄው እሱ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ቤት ከሚያነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንጀራ ለመጋገር ብቻ ይውላል ይባላል። ከሰሉ ደግሞ ከእንጨቱ ይብሳል። በባህላዊው አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5 ኪሎ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ እንጨት ያስፈልጋል። የቀረው ጭስ ሆኖ ሄዷል፤ ጭሱ ውስጥም ሚቴን አለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ከሰል ቤታችን ሲደርስ ስለማይጨስ ንጹሕ ይመስለናል። ጭሱን ቀድሞ የጠጣልን አክሳዩ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ቤታችንም ይከተለናል፣ በር ተዘግቶ ሲነድ ሰው ይገድላል።

ይህን ብዬ ከሰል ሻጮቹን በሙሉ አንድ ላይ ልኮንን አልችልም፤ ከሰል ከከሰል ይለያል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትመጡ አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ የአዊው ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ለምለም ነው። ያ ዲከረንስ ነው። መነሻው አውስትራሊያ የሆነ የግራር ዘመድ። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ በዛፎቹ መሃል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ያከስለዋል፣ ከዚያ ያንኑ መሬት መልሶ ያርሰዋል። ዛፉ እንደ ጥራጥሬው ናይትሮጂን ከአየር ይስባል፣ ስለዚህ በአሲድ ለደከመ መሬት ዕረፍት ነው። ደን አልተመነጠረም፤ የተተከለ ነው የተቆረጠው፣ በምትኩም ሌላ ይተከላል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ይህንን ከሰል፣ ማንም ሳይተክለው ለዘመናት የቆመ የቆላ ግራር ተቆርጦ ከሚመጣው ጋር በአንድ ዓይን ማየት ለገበሬው በደል ነው።

እርግጥ የአዊውም ከሰል እንከን አለው። አከሳሰሉ ያው የአፈር ክምር ነው፣ ጭሱም ያው። ደግሞም አገር ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መትከል አደጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ የዛፉን ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚያደርቅ ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙ ገበሬ ተጎድቷል። መንገድ ሲዘጋጋም ከሰሉ ይጠፋና የቆላው ይገባል።

ታዲያ ገበያው ላይ ነጥብ የቀነስኩት ለምንድን ነው? ሁለቱ ከሰል ተደባልቆ፣ በአንድ ኬሻ፣ በአንድ ዋጋ ስለሚሸጥ ነው። «የአዊ ነው የቆላ?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ «የሚነድ ነው» አለኝ። ሌላው ሳቀ። ሦስተኛው፣ ሸምገል ያሉ አባት፣ ኬሻውን ፈተው አሳዩኝ። «ቀጠን ቀጠን ያለው የዲከረንስ ነው ልጄ፣ ይኸ ደንደን ያለው የቆላ ዛፍ ነው፤ ሰው ደንዳናውን ይወዳል፣ እሳቱ ይቆያል ብሎ» አሉ። እሳቱ መቆየቱ እውነት ነው፣ ለዚያ ነው ነገሩ የሚከብደው። ቢያንስ ግን ለይተው ቢሸጡት የሚመርጥ ይመርጥ ነበር።

ለጊዜው ከሰል መተው ለማይችል ሰው ከዚያው ጎን ምድጃ የሚሸጡ አሉ። ላቀች የምትባለው ወገቧ የጠበበ የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ስትነጻጸር ከሰሉን በሩብ ያህል ትቀንሳለች። ስትገዙ ውስጧ ያለውን ሸክላ በጣታችሁ አንኳኩ፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ አትውሰዱ። እንጀራ በእንጨት ለሚጋግር ቤት ደግሞ «ምርጥ» የምትባል ምድጃ አለች፣ ከሲሚንቶ የምትሠራው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ስትነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ታድናለች፣ ጭሱም ይቀንሳል። ከባድ ናት፣ ባጃጅ ላይ ስትጫን የመንገዱ ጉድጓድ ይሰብራታል፤ ሰው ይዞ እንዲቀመጥ አድርጉ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ ይህ የማያከራክር ነው። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከዚሁ ከጣና በሚወስደው ውሃ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ እስከ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የተሠራ፣ ውሃውም ያው የአባይ ነው። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ስለዚህ ብዙ እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ በየተራ በአንድ ምጣድ መጋገር ደግሞ የበለጠ ያዋጣል፣ እናቶቻችን በማገዶውም ሲያደርጉት የነበረ ነው። መብራት ሊጥ ከተቦካ በኋላ የሚጠፋበትን ጉዳይ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላወራም። ለዚያ ቀን ነው ላቀች።

ማሸጊያን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ሰው ስለ አካባቢ ሲያወራ ከፌስታል ይጀምራል፣ እዚያው ይጨርሳል። በጋዝ ስሌት ፌስታል ኢምንት ነው። ፌስታሉን ትቶ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ሥጋ የሚጨምር ሰው ትልቅ ኪሳራ ውስጥ ነው። ግን ባህር ዳር ሀይቅ ዳር ነች፤ እዚህ ፌስታል የጋዝ ሳይሆን የውሃ ጉዳይ ነው። ነፋስ ያነሳው ቦይ ይገባል፣ ቦዩ ሀይቅ ይገባል፣ ሜዳ ላይ የቀረውን በግ ይበላዋል። ሕጉ አዲስ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ማንም በሚሊ ሜትር የሚለካ ስላልነበረ ገበያው እንደነበረ ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን ውፍረት አይለካም፣ ፌስታሉን ራሱን ከልክሏል፣ ይዞ የተገኘም ይቀጣል። ገበያው ውስጥ ታዲያ? አንዳንዱ ሻጭ «የለም» ይላል፣ ዓይንሽን አይቶ ደግሞ ከመደቡ ሥር ያወጣል።

ሃይላንድን በተመለከተ ገበያው ከሱፐርማርኬቱ በጣም ይበልጣል። ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ እዚህ አይጣልም። ዘይት ይቀዳበታል፣ ማር ይሞላበታል፣ አረቄ ይሸጥበታል፣ ካረጀ በኋላ ቁራሌው ይወስደዋል። እኔ የዘይቴን ጠርሙስ ከቤት ይዤ ነው የምሄደው፣ ሻጩም ለባዶው አያስከፍለኝም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ትልቁ ቀን ቅዳሜ ነው፣ ሳይሞቅ በጠዋት ድረሱ። ዓሳ ካላችሁ ሀይቁን አስቀድሙ። ዘንቢል፣ ለጥራጥሬ የጨርቅ ከረጢት፣ ለዘይት ጠርሙስ ያዙ፤ ዘንቢል የሌለው መግቢያው ላይ ያገኛል፣ የሰሌኑ ከፕላስቲኩ ትንሽ ይወደዳል ግን ሲያልቅ ይበሰብሳል። ጥራጥሬ ስትገዙ ክኩን ሳይሆን ያልተከካውን ጠይቁ፣ ነቀዝ ካለ ቶሎ ይታወቃል። ግብጦዎቹ ሴቶች በጠዋት አይመጡም፣ ከረፋዱ በኋላ ፈልጓቸው። ዕቃ ከከበዳችሁ ጋሪ የሚገፉ ልጆች አሉ። ቤንዚን አይጠጡም፣ ዋጋ ላይ ግን ከባጃጅ ሾፌር የባሱ ናቸው፤ ሳትጭኑ ተነጋገሩ።